የብዕሩ አፍ

«እስክሪብቶውን ከኪስዎ ያውጡ» አለች ትርሲት ገና ስታየኝ፣
«በአሥራ ዘጠኝ ሃያ አንድ ደሴ ላይ ቢክ ማን ሸጠ?» ብላ ጠየቀችኝ።
ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ደረቴ ላይ የኖረ፣
ሰማያዊ ቀለሙ ስንት ሸሚዝ የነከረ፣
አውጥቼ ሰጠኋት፤ ኪሴ ቀለለ፣
ጥርስ እንዳጣ ምላስ እጄ ወደዚያው ዋለለ።

ትዕይንቱ ለተማሪዎች ነው፤ ቅዳሜ፣ ከአራዳ በታች፣
ዝገት በጠገበ ጣሪያ ሥር ይቀመጣሉ ባለጉዳዮች።
እኔ አቤቱታ ጸሐፊያቸው ነኝ፤ በርኖሱ ተገኘ፣ ጥቁር፤
ወንበሩም ተገኘ፤
የቀረው ብዕር።

መቃ ፍለጋ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣
ሐረጎ ጥምዝ ላይ ጉሙን ተሰናበትኩ፣
ከቦርከና ዳር ሰባት ዘንግ ቆረጥኩ።
ልብስ የምታጥብ ሴት «ለዋሽንት ነው?» ብትለኝ
«ለአቤቱታ» አልኳት። «እንግዲያስ የኔንም ይጻፉልኝ!»

ሸዋ በር ሼህ እብሬ አሉ፣ ዐጀም ሲጽፉ ያረጁ፤
ዘንጉን በሰንጢ አጋደሉት፣ አፉን ሰያፍ አበጁ።
«ከቀኝ ለሚነሣ እጅ» አሉ «እንዲህ ሲሆን ነው የሚቀና።»
መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ሰያፉን አዩና፦
«አፉ ቀጥ ይበል እንጂ! ፊደል እግሩ ወፍራም ነው፣ ቆሞ የሚሄድ፤
በዚህ ከጻፍከው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል በመንገድ።»
ሁለቱም የቆረጡበት ሰንጢ አንድ ነው፣
ከሼሁ ቤት ተውሼ እኔው ነኝ የወሰድኩት፤
ስመልሰው «ምን አሉ መሪጌታ?» አሉኝ ሼሁ።
«ስለቱን አመሰገኑት።»

ቀለሙንም በጠበጥኩ፦ የኩራዝ ጥላሸት፣ ያረረ ስንዴ፣ የግራር ሙጫ፤
ሦስት ቀን ሸተተ፤ ጎረቤት መጣ በሩጫ።

ይህን ሁሉ ይዤ ስቀርብ ትርሲት አንዲት ወረቀት ዘረጋች፣
ከቅድመ አያቷ ሳጥን የወጣች፣ እጥፋቷ ላይ የሳሳች።
«ይዩ» አለች «መቃ አይደለም፤ የብረት ምላስ ነው የጫረው፤
ቀለሙም የሱቅ ሐምራዊ ነው፣ ጥላሸት ከቶ አልነካው።»
ሰባት ዘንግ፣ ሦስት ቀን ግማት፣ የሁለት ሊቃውንት ምክር
እንደ ጧት ጉም ብን አለ በሸዋ በር።

ሌሊቱን የጸሐፊውን እጅ ሳጠና አደርኩ፤
በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ፣ እኔ ዘልዬው የኖርኩ።
የሱ እጅ ቃል ሲያልቅ ቆሞ ትንፋሽ ይወስዳል፤
የኔው ወረፋ እንዳለበት ይሮጣል።
«ደሀ» ይላል በሀሌታው፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ በሐመሩ፤
ስሕተቱንም ልቅዳ? ወይስ ላቃናለት? የቱ ነው ክብሩ?

ከታች ግን ብዕር ያልነካው ነገር ተቀምጧል፤
አውራ ጣት። ሐምራዊ። መሐሉ ተሰንጥቋል።
ከጎኑ በደቃቅ ጽሕፈት፦ «የዘነብ፡ ይማም፡ ጣት፡ ነው፤»
ማጭድ ይሆን የሰነጠቀው? እሳት? ማን ጠይቆ ጻፈው።

ሠላሳ ዓመት ስንቱን ጣት ይዤ ስፖንጁ ላይ ተጫንኩ፣
ፊቱን ቀና ብዬ ሳላይ፣ «ቀጣይ!» እያልኩ።

ቅዳሜ ጧት፣ ጦሳ ከጉሙ አንገቱን ሳያወጣ፣
የደንብ ልብስ የለበሰ ሰልፍ እስከ አጥሩ ድረስ መጣ።
የብረቱ ምላስ ገና «አቤት» ብሎ ሳይጨርስ ቀለም ተፋ፤
«ጋሼ፣ አበላሹት!» አለች ከፊት ያለችው፣ «ይጥፋ?»
«ይቆይ» አልኳት።
ቀና ብዬ አየኋት፤ ጥርሷ መሐል ክፍተት አለ፤
«ስምሽ ማነው? ቀስ በይ» አልኩ፤ እጄም አብሮ ቀስ አለ።
ስሟን ጻፍኩ። ሁለት ነጥብ።
የአባቷን ጻፍኩ። ሁለት ነጥብ።
ከኋላ ያሉት ተንጫጩ፣ ተገፋፉ፤
እሷ ግን፣ ሳልጠይቃት፣
አውራ ጣቷን አቀበለችኝ።