ሁለት መቶ ሊትር ባሕር

«ባሕር የለንም» ይላል ሬዲዮኑ ማታ ማታ፤
እኔ ዘንድ ግን አለ፣ እዚሁ ከዚራ፣ ከመስኮቴ በታች፣ አልጋ በማይገባበት ቦታ፤
ሁለት መቶ ሊትር፣ በመስታወት ሣጥን፣ ከስፌት መኪናዬ ጎን፣
ሽመክት በየጉዞው በጀሪካን ያመጣው፣ ባቡሩ ባቡር በነበረበት ዘመን።
ጉምሩክ ቀምሶ ተፍቶ፣ ለባሕር የተጻፈ ቀረጥ ከመዝገቡ ቢያጣ፣
«እለፍ» ተብሎ የመጣ።

ግንቦት ነበር። የድሬ ሌሊት ራሱ አንሶላ ገፎ የሚያድርበት።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ፣ ድምፅ ሳይሆን የድምፅ መጥፋት፤
ያ የፓምፑ ጉርምርምታ፣
የሽመክት ማንኮራፋት ከቀረ ወዲህ እንቅልፌን የሚጠብቅልኝ በሱ ፈንታ፣
ጸጥ።

መብራት ጠፍቶ እንዳልል፣ የጎረቤት አምፖል በርቷል፤
ሶኬቱን ነቅዬ ሰካሁ፣ በጥፊ አልኩት፤ ፓምፕ ጥፊ የት ያውቃል!
የታይዋን ገበያውን ነጋዴ ረገምኩ፤
ትናንት ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ የመጣውን መብራት ረገምኩ፤
ከዚያም ባሌን፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ ባለበት፤
«ዓሣ ካማረህ ጠብሰህ አትበላም? ባሕር ነው ለሚስት የሚያወርሱት?»

ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሁለት።
ሁለቱ ብርቱካንማ ዓሦች፣ ነጭ መቀነት የታጠቁት፣
ከውሃው ጫፍ አፋቸውን ከፍተው አየር ይቃርማሉ፤
ያቺ አበባ የምትመስለው፣ «እንስሳ ናት» ሲለኝ የሳቅኩባት፣
እንደ ጨርቅ ቁራጭ ተሸብልላ ወድቃለች ከአለቱ።

የዩስሪን በር ደበደብኩ። በሽርጥ ብቅ አለ፣ «ሌባ ነው?»
«ባሕሬ ሊሞት ነው።»
አልሳቀም። ባጃጁን አስነሥቶ መጋላ በረረ፣ ኢንቲሳር ጭማቂ ቤት፤
ከእንቅልፏ ቀስቅሶ፣ በረዶ የሆኑ የውሃ ጠርሙሶች ይዞ መጣ በማዳበሪያ ከረጢት።
ከነክዳናቸው አንሳፈፍናቸው፣
በረዶው ቀልጦ ጨዉን እንዳያለዝበው።

እኔ በጣሳ እየጨለፍኩ፣ ክንዴ እስከደረሰ ከፍ አድርጌ፣ መልሼ እለቃለሁ፤
«ውሃ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል» ብሎኝ ነበር፤ አምነዋለሁ።
እስከ መቶ ሠላሳ ቆጠርኩ። ከዚያ ቁጥሩ ጠፋ፤
እግሬ ብቻውን ወለሉን ይረግጣል፣ የሲንጀሩ መርገጫ መስሎት፣ እንደሚሰፋ።

ሲነጋጋ ፓምፑን ፈታሁት። ኖራና ጨው ለብሷል፣ እንደ ድሬ ማንቆርቆሪያ ሁሉ፤
በሎሚ ዘፈዘፍኩት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፤ ማግኔቷን ሳወጣ ከመሐሉ፣
ወገቧ ላይ፣ ሦስት ዙር፣ እንደ ቀበቶ የጠበቀ፣
ክር።
ሰማያዊ ክር። የተማሪ ዩኒፎርም።
የኔ ክር።

ጥርሴ የበጠሰው፣ ጣቴ ያራገፈው፣
ማራገቢያው አንሥቶ ባሕር የከተተው።
ዩስሪ አየኝ፤ አየሁት፤ ማንም ምንም አላለ።
የረገምኩትን ሁሉ በየተራ ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርኩ፤ ከሽመክት፣ ከመብራቱ፣
ነጋዴው ላይ ስደርስ ግን ተውኩት፤ እሱስ አስወድዶብኛል፣ ከነብልግናው፣ በሰዓቱ።

ሰካሁት። አነጠሰ፣ አረፋ ተፋ፣ ከዚያ ጉርርር።
አንዱ ዓሣ ከአለቱ ጀርባ ወጣ፣ ሲያማትር።
ሌላውን ረፋድ ላይ አገኘሁት፣ በጎኑ፣ መቀነቱን እንደታጠቀ፤
ከኒሟ ዛፍ ሥር ቀበርኩት፤ ዛፏ ጨው ትወድ እንደሁ ማን ጠየቀ።

ለበረዶው ብር ብልክ፣ ኢንቲሳር መለሰችው፤
የባሕርን ዋጋ እሷም አላገኘችው።

የስፌት መኪናዬን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ገፋሁት። ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው።
አሁን የምሰፋው ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ነው፤
አላየውም፤ እሰማዋለሁ።
ዝም ሲል ብቻ እዞራለሁ።