ዘጠኝ ተኩል

ቺሎዌ ላይ ዝናብ ፈቃድ አይጠይቅም፤
ከሰማይ ጋር ጠብ ነው፣ ጣሪያው አይታረቅም።
ምድጃው ጥግ ቁጭ ብዬ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣
ሠላሳ ወረቀት አርማለሁ ተክዤ።
ጥያቄው ቀላል ነው፤ ሠንጠረዥ፣ ሁለት ዓምድ፣
የአምናው ራሱ ነው፤ እንዴት ብዬ ልካድ፦
«ማይቶሲስን ከሚዮሲስ አወዳድሩ፤
አንድነቱን ጻፉ፣ ልዩነቱን ዘርዝሩ።»

ሃያ ዘጠኙ ልጅ፣ ከደብተር ሸምድዶ፣
«ይሄ አንዴ ይከፈላል፣ ሁለት መንታ ወልዶ፤
ያኛው ሁለት ጊዜ፤ አራት ሴል፣ አራቱም
ግማሽ ውርስ የያዙ፣ የማይመሳሰሉም»
ብሎ፣ ስሙን ጽፎ፣ ወደ ኳሱ ሄዷል።
ልክ ነው። ሙሉ ነው። ትምህርት ይሄን ይወዳል።

ሠላሳኛዋ ግን፣ ሊካን ዌንቴዮ፣ ከኋላ የምትቀመጠው፣
ደብተሯ ሁልጊዜ ባሕር ባሕር የሚሸተው፣
በግራው ዓምድ ሥር፦

«ቅዳሜ ለእማዬ ዛጎል ስከፍትላት
ቢላው አዳለጠኝ፣ አውራ ጣቴን በላት።
በሳምንቱ ገጠመ፤ አዲሱም እንደ ድሮው፣
ያው መስመር፣ ያው አሻራ፣ አንዳች ያልቀየረው።
ማይቶሲስ ይሄ ነው፤ እኔን በእኔ ጠግኖ፣
ማንንም ሳይጠራ፣ ከራሴ ዘግኖ።»

በቀኙ፦

«አባቴን አላውቅም።
ጀልባው ሲሄድ ሆድ ውስጥ ነበርኩ፤ ፎቶም የለውም።
እማዬ ጸጉሬን ስትሠራኝ፣ ጆሮዬ ጋ ስትደርስ፣ እጇ ይላል ዝም፤
‹ይህቺ የእኔ አይደለችም› ትላለች፤ አትስቅም።
ሃያ ሦስት ከእሷ፣ ሃያ ሦስት ከእሱ፤
አንድም ቀን ሳይመጣ ደርሶኛል ግማሹ።
የግራው ይደግማል፤ የቀኙ ያጎድላል፤
ሌላ እንዲገባበት ቦታ ይለቅቃል።»

ታች፣ «አንድነታቸው» ከሚለው ሥር፣ አንድ መስመር ብቻ፦
«ሁለቱም ከመለያየት በፊት፣ ያላቸውን ሁሉ አንድ ጊዜ ይቀዳሉ።»
ከሠላሳው ልጅ ይሄን ያስታወሰች እሷ ብቻ።

እንግዲህ ከአስር ስንት ልስጣት?
ጠርዙ ላይ ለሚዮሲስ «ሁለት ሴል» ብላለች፤ አራት ነው፤ ይሄ ስሕተት።
እስክሪብቶውን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት፤
ምድጃው ሊጠፋ ነበር፤ እንጨት ጨመርኩበት።
ልለፈው አልኩና፣ አልቻልኩም። አራት አራት ነው።
የነገ ሐኪም ትሆን እንደሆን፣ ማን ያውቀው?
ግማሽ ነጥብ ቀነስኩ።
ዘጠኝ ተኩል ጻፍኩ።
ዝናቡ ያው ነው። ወረቀቱን አጥፌ ስነሣ ግን፣ ለካ
ሳላስበው እጄ የገዛ ጆሮዬን ነካ።