ቋጠሮ

ሱሐር፣ ባሕሩ ዳር፣ የሴቶች ሐኪም ቤት፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው እንጀራዬ ያለበት።
ባልዲ፣ መወልወያ፣ የበረኪና ሽታ፤
ስድስት ዓመት ሆነኝ ከጧት እስከ ማታ።
ወለል ሳሸት ውዬ ዐረብኛ ለመድኩ፣
ከፊደሉ በፊት የሰው ፊት አነበብኩ።

ዛሬ ዘጠነኛው አልጋ ላይ ኡም ራሺድ ናት።
ስድስት ልጅ ወልዳለች፤ አራቱ በምላጭ፣ ስፌት በስፌት።
«ሰባተኛ ከመጣ» አለች ሐኪሟ በዝግታ፣
«ያረጀ ጨርቅ ነው ሆድሽ፤ ክር አይዝም ከእንግዲህ ላፍታ።»
«እንግዲያ ቋጥሩልኝ፤ ቱቦዬን ቋጥሩልኝ፤
ያሉትን ላሳድግበት፤ እናት አታሳጡልኝ።»

ቅጹ መጣ። ከግርጌው ሁለት መስመር አለ።
ባንደኛው ፈረመች። ሁለተኛው ባዶ ዋለ።
የባልየው ነው። እሱ ደግሞ ዱቅም፣ ወደብ፣ ከክሬን ላይ፤
ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፤ ድምፁ ሰጥሞ ይቀራል ባሕሩ ላይ።
«መኪናዬን ስገዛ» አለችኝ «ብቻዬን ፈረምኩኝ፤
ለዚች ክር ለምታህል ቱቦ ምስክር ጠየቁኝ!»
ነርሷ ትከሻዋን ሰበቀች፦ «የቤቱ ሥርዐት ነው፤
ሌላ ቦታ ሌላ ነው አሉ፤ እኔ የማውቀው ይሄን ነው።»

ሱሺላ አንሶላ ልትቀይር ገባች። ቢሃር ነው አገሯ፤
በሰባራ ዐረብኛ ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ደረቀ ከጉሮሯ።
«እኔን ማን ጠየቀኝ? ሃያ ሁለት ዓመቴ፣
ክረምት ነበር፤ እጄን ይዛ ወሰደችኝ አማቴ።
ትምህርት ቤት ግቢ፣ ድንኳን፣ አርባ ሴት በሰልፍ፣
አንዷ ስትነሣ አንዷ ስትተኛ፣ ጠረጴዛው ሳያርፍ።
ቀለም ነክረው አውራ ጣቴን ወረቀት ላይ ተጫኑት፤
ምን ይላል? እኔ እንጃ። እነሱ ግን አነበቡት።
ብርድ ልብስና ጥቂት ሩፒ ይዤ በእግሬ ተመለስኩ፤
በሦስተኛው ቀን ሩዝ ማሳ ላይ ጎንበስ አልኩ።
ባሌ ያን ጊዜ ሱራት፣ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ምንም አልሰማ፤
ፊርማው ቢጠየቅ ኖሮ እሱማ... እሱማ...»
ሳትጨርሰው ትራሱን መታ መታ አደረገችው።

ስለዚህ ኡም ራሺድን ያሰረው መስመር
ሱሺላን ባተረፋት ነበር።

«እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» ይላል የኛ ሰው፤
ስለ ወንዙ እንጂ ስለ ተሻጋሪዋ ሆድ ማን አወሳው?
ወዲህ ማዶ ልመና፣ ወዲያ ማዶ ሽልማት፤
ወዲህ የባል ፊርማ፣ ወዲያ የተጫኑት ጣት።

እኔ «ሁለት መስመር» ስባል የማውቀው ሌላ ነው፤
በሽንት የሚነከር፣ ጣት የማይሞላ ወረቀት ነው።
አንድ መስመር፦ ቪዛ። ሁለት መስመር፦ ቤት ተመለሺ።
ደላላው፣ ከሚሴ ላይ፦ «ሉባባ፣ ክንድሽን አምጪ፣ አትሽሺ፤
የመንገድ ክትባት ነው።» ወጉኝ። አመንኩ።
ሦስት ወር ደሜ ሲቀር ሙቀቱ ነው አልኩ።
ከዚያ ባሠሪዬ ቤት፣ በየሦስት ወሩ፣ ያው መርፌ፤
«ቫይታሚን ነው» ተባለ፤ አራት ዓመት አልተጠየቀም አፌ።
ዛሬ ባል አለኝ፣ ሾፌር፣ ደግ፣ የሐርቡ ልጅ፤
ሦስት ዓመት ጠበቅን፤ ሐኪሙ «ይመጣል» ይላል እንጅ።
የኔን ማን ፈረመው?
ቅጽ የለው፣ ግርጌ የለው፣ መስመር የለው።

አማርኛዬ ባንድ ቃል ስንቱን ያዝልበታል፤
ስንቅ ይቋጠራል፣ ቂም ይቋጠራል፣ ስንኝም ይቋጠራል።
እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጥራልኝ ነበር ስወጣ፤
ያን ቋጠሮ እኔው ፈታሁት፤ ለዚህኛው የሚፈታ ሰው ታጣ።

ዘጠኝ ሰዓት። ኡም ራሺድ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤
ስልኩን ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ እንደ ሕፃን፣ አቅፋዋለች።
ካልጋው ሥር ስወለውል እስክሪብቶውን አገኘሁት፤
ይጽፍ እንደሁ ብዬ መዳፌ ላይ ሞከርኩት፦
አንድ መስመር።
ከጎኑ ሌላ መስመር።
ቅጹ ላይ መልሼ አኖርኩት፣ ከባዶው ቦታ አጠገብ፤
በሌላው እጄ ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ፣ ያንን ሳላረጥብ።