ሁለት «አሁን»

ከኪዩሹ ደቡብ ጫፍ፣ ባሕር ከሚገፋው ገደል ላይ፣
ዝገት የበላው አንቴና አንገቱን አዞረ ወደ ሰማይ።
ሌሊት ዘጠኝ ከሩብ። «አሥራ አንድ ደቂቃ ነው ያለን» አለ
ቶኩጂ፣ ማዳመጫውን እያስተካከለ።
ሚናሆ ከጎኑ፣ ገና በሦስተኛ ሳምንቷ፣
እርሳስ ከፀጉሯ ሰክታ፣ መዝገቡን ዘርግታ ከፊቷ።

ሳተላይቷ አርጅታለች። አንድ ክንፏ ፀሐይ አይጠጣም፤
እንደ ምንም ብላ ብትመጣም
በየዙሩ ድምጿ ይሰልላል፣
ባትሪዋ እንደ ደመወዝ ከወር ወር አልደርስ ይላል።

መጀመሪያ ሹክሹክታ፦ ዘይት ላይ እንደ ተጣለ ዓሣ፣
ቸስ... ቸስ... ቃል የሌለው ወቀሳ።
ከዚያ በንጋቱ ጠርዝ፣ ፀሐይ ምድርን ሳትይዝ፣
ወፎች ተንጫጩ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ሲያግዝ።
ወፍ የለም እዚያ። ቅርንጫፍ የለም። የሚነፍስ አየር የለም፤
ኤሌክትሮን ነው፣ በማግኔት ገመድ ሲሾር የሚያዜም።
ሚናሆ ይህን ተምራለች፤
ሆኖም ወደ መስኮቱ ዞራ የደጁን ዝግባ አየች።

ቶኩጂ አልዞረም።
ከነዚያ ሁሉ ወፎች ለእሱ የደረሰው
ቅርንጫፉ ሲወዛወዝ ነው።
ሠላሳ ዓመት ጄኔሬተር ጎን ቆሞ፣ ቀጭን ድምፅ ጆሮውን ከዳው።
የልጅ ልጁ ፊሽካ፣ የማንቆርቆሪያው ጩኸት፣ የበጋው ፌንጣ፣
መቼ እንደወጡ እንጃ፤ ተመልሶ ግን አንዱም አልመጣ።

ያኔ ነው ፉጨቱ።
በሰሜን አውስትራሊያ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣
መብረቅ ወርዶ ነበር። አንዲት ሴት፣ ከገመድ ልብስ ሰብስባ ስትሮጥ፣
«ሁለት... ሦስት...» ብላ ነጎድጓዱን ቆጥራ ገባች።
ሽቅብም መሄዱን በምን ታውቅ?
ብልጭታው ምድርን ለቆ ሄደ፣
ምድር ወገብን ዘሎ በማግኔት መስመር ነጎደ፤
መንገድ ላይም ተለያየ፦ ቀጭኑ ሲቀድም፣ ወፍራሙ ሲዘገይ፣
ከተራራ እንደሚወርድ ቤተሰብ፤ ልጆቹ ሜዳው ላይ
ደርሰው ይጮኻሉ፣ አያት ገና ድንጋዩን በበትር ይዳስሳል፤
ቁልቁለቱ ለእሱ ረዝሟል።

«አሁን!» አለች ሚናሆ፣ እጇ ተነስቶ።
ቶኩጂ ዝም።
ፉጨቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ጎርንኖ፣ ወደ ሆድ ገብቶ...
«አሁን» አለ እሱም።
መሃሉ አንድ ሰከንድ አይሞላም።
«የማንን ልጻፍ?»
«ያንቺን። የእኔ ጅራቱ ነው።»

ሳተላይቷ ከአድማስ ወረደች፤ የቀረው ሽውታ።
የቀዘቀዘ ሻዩን ጨለጠና ቀና አለ በዝግታ፦
«የኦሳሙ ጀልባ ገባች።»
ሚናሆ ማዳመጫዋን አወለቀች፣ ጆሮዋን ጣለች፤
ባሕሩ ብቻ ነበር። ሰዓቷን አየች።
ቆይቶ ነው፣ እሷ ልትጠራጠር ስትል፣
ዱብ ዱብ ዱብ የሚል ሞተር
ከወደቡ ወጥቶ እሷም ዘንድ የደረሰው።