ሁለት ብር ከስሙኒ

ባሕር ዳር የገባሁ ዕለት፣ ከደጋ ዳሞት ወርጄ፣
ኩታዬ በትከሻዬ፣ ያጎቴ ደብዳቤ በእጄ፣
የፋብሪካው ፊሽካ ጮኸ፤ ደንግጬ መንገድ ለቀቅሁ፤
አንዲት ዓሣ ሻጭ ሳቀችብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ደብዳቤውን አነበቡ፤ መዳፌን ገልብጠው አዩኝ፤
ፈተላ ክፍል፣ የማታ ፈረቃ፣ ብለው ጻፉኝ።
ማደሪያው የራሴ ዕዳ ነው።

ወይዘሮ ዘርትሁን ቆርቆሮ በሯን ተደግፋ ነገረችኝ፦
"አልጋው አራት ብር ከሃምሳ፤ ግማሹ ሁለት ብር ከስሙኒ።"
"ግማሹ?" ብላት፣ እንደ ሕፃን ቀስ ብላ አስረዳችኝ፦
"በወርዱ አይደለም ልጄ፣ በሰዓቱ ነው።
የሌሊት ፈረቃ ሰው አለ፤ አንተ ስትነሣ ይተኛል፤
እሱ ሲነሣ አንተ። አልጋው ግን መቼ ያርፋል?"
ይህን የጠየቀችው ራሷን ነው። እኔ ሳንቲሜን ቆጠርሁ።

"ስሙ ማነው?" አልኋት። "አንለይ" አለች።
እንግዲህ እኔና አንለይ
ስምንት ወር ባንድ አልጋ ተኛን፣ አንድም ቀን ሳንተያይ።

ፊቱን ባላውቅ ትራሱን አውቃለሁ፤ ቀለም ቤት ነው ሥራው፤
ፋብሪካው ምን እንደሚያቀልም የሚነግረኝ ትራሱ ነው፦
ሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ የወታደር ካኪ፤
አንድ ሳምንት ቀይ ሆነ፤ ደም መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አሸተትሁ።
ቀለም ነው። ደም እንዲህ አይሸትም።

እሱም ያውቀኛል፤ ብርድ ልብሱ ላይ የጥጥ ብናኝ አወርሰዋለሁ፣
ከቅንድቤ የረገፈውን፣ ስስል የወጣውን።
አንዴ ከትራሱ ሥር የሻማ ጉራጅ ትቶልኝ አገኘሁ፤
እኔም በጋዜጣ ጠቅልዬ አንድ እፍኝ የተቆላ ሽምብራ ተውሁ።
በማግሥቱ ጋዜጣው ብቻ ነበር፣ ባራት ታጥፎ።

ማታ አራት ሰዓት ፊሽካው ሲጮህ ከተማው ይገለበጣል፦
እኛ ስንወጣ እነሱ ሲገቡ፣ ብስክሌት ከብስክሌት ይታከካል፤
በጨለማው፣ ከዘንባባው ሥር፣ መቶ ደወል፣ መቶ ሳል፤
አንዱ እሱ ነው፤ ያልጋዬን ሙቀት ለብሶ ባጠገቤ ያልፋል።
እቤት ደርሼ ስጋደም፣ ጎድጓዳው ለኔ ልክ አይደለም፤
ረዥም ሰው ነው መሰል፣ እግሩ ከደረሰበት አልደርስም።

ታዲያ በሐምሌ አንድ ማታ
መብረቅ የመብራቱን መስመር ቢመታ
ማሽኑ ሁሉ ዝም አለ።
ጆሮዬ ጮኸ። ዝምታ እንዲህ ይከብዳል ለካ!
"ሂዱ" አሉን፤ በዝናብ ሄድሁ።
በሩን ገፋሁት፤ አልጋዬ ላይ ሰው አለ።

ተነሣ። እውነትም ረዥም ነው። እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ።
"አንተ ነህ?" አልሁት።
"እኔ ነኝ" አለኝ።
ከዚያ ወዲያ ወሬ አጣን።
ያንኑ ሻማ ለኩሰን ጠርዙ ላይ ተቀመጥን፤
ሽቦው ሲጥ አለ፣ ሁለት ሰው አልለመደም።

ፈተላ ክፍል በዚያ ጩኸት በጣት ነው የምናወራው፤
እነሱም እንደዚያው ኖሯል፤ ጣቱ ቀድሞ ጀመረው።
መዳፉን ጉንጩ ላይ፦ ትተኛለህ?
ደረቴን መታ መታ፦ አልተኛም፣ ሳሉ።
አገርህስ? ብለው፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ
ግድግዳው ላይ ወንዝ ሣለ፣
ከወንዙ ማዶ አንዲት ነጥብ።
የእናቱ ቤት ይሆናል። አልጠየቅሁም።

መብራቱ መጣ። ፊሽካው ጮኸ።
ጫማውን አሠረ፤ ሲወጣ ብርድ ልብሱን ገለጠልኝ፣
ለእንግዳ እንደሚደረገው።

መስከረም ላይ ፈረቃዬ ተቀየረ፤ አልጋም ቀየርሁ።
ድምፁን ረሳሁት፤ ሁለት ቃል ነበር፣ ምን ይያዛል?
ነጥቧን ግን ወይዘሮ ዘርትሁን ሁለቴ በኖራ ሸፍናት
ሁለቴም ተመልሳ ብቅ አለች፣
ወንዙ ሲጠፋ እሷ ብቻ።
ያ ቀለም ጨርቅ ይለቃል፤
ግድግዳ ግን አይለቅም።