የመጥረጊያው እንጨት

ከቺሎኤ ደሴቶች ባንዷ፣ መጋቢት በዝናብ ይመጣል፤
በጋው ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል።
ሰባት ልጆች፣ አንድ ክፍል፣ አራት የትምህርት ደረጃ፣
በለኮሷት ቁጥር የምትስል፣ አንዲት የብረት ምድጃ።

እኔ ኤዱቪና ነኝ፤ ከከተማ የመጣሁ አዲስ መምህር፣
እቅዴ አርባ ገጽ፣ ሰዓቱ በደቂቃ የሚሰፈር።
ገጽ አንድ፣ መስመር አንድ፣ «መጽሐፉን ግለጡ» ይላል።
መጽሐፉ የለም። ነፋሱ ጀልባዋን ከልክሏል፤
ሳጥኑ ማዶ ወደብ ላይ፣ ሸራ ለብሶ ተኝቷል።

ሰባት ጥንድ ዓይን ያየኛል። ጠመኔ ይልሳል አንዱ፣
ዶሚቲላ የላላ ጥርሷን ትገፋለች፣ እስኪደማ ድዱ።
ምን ልበል? ጥግ ላይ መጥረጊያው ቆሟል።
ጭራውን ነቀልኩና፣ «ይኼ» አልኩ፣ «ባሕሩን ይለካል።»

«በምን?»
«በስንዝር።»
«በማን ስንዝር?» አለች ኦርፌሊና፣
መዳፏን ከመዳፌ ጎን ለጥፋ አየችና።

እውነቷን ነው። በማን? ጠቡ ከዚያ ተነሣ፤
የአንዱ ስንዝር ሸርጣን አከለ፣ የሌላዋ ትንሽ ዓሣ።
የኔ ይሁን፣ የኔ ይሁን፣ ወንበር እስኪወድቅ ድረስ።
በመጨረሻ ተስማሙ፣ ማንም እንዳያኮርፍ፣ እንዳያለቅስ፣
የሊንኮያንን መዳፍ መረጡ፤ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንደኛ ክፍል፣
ገና ከማንም አልተጣላም፣ ከቁጥርም ሆነ ከፊደል።

ሬሚሂዮ ከኪሱ የዓሣ ቢላ መዘዘ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፣
እጁን አየሁት፣ ከኔ እጅ ይልቅ ያውቃል፤ ተውኩ።
በሊንኮያን ስንዝር ልክ፣ ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት፤
አሥር ሞላ። ወረድን ባሕሩ ወደሸሸበት፣
ጭቃው እግር ወደሚውጥበት።

ሬሚሂዮ ሦስተኛን ክፍል ይደግማል፤
ቁጥር ሲጽፍ ሦስቷን እንደ መስታወት ያዞራል።
ግን ከተከልነው እንጨት ጎን ቆሞ፣ «አሁን ይመለሳል» አለ፤
«ማን?» «ውኃው።» ሰዓቴን አየሁ፤ ምንም ነገር የለ።
«በምን አወቅህ?»
በአገጩ ጠቆመኝ፦ «ጀልባዎቹ ፊታቸውን አዞሩ።»
እውነትም፤ አንድ በአንድ፣ አፍንጫቸውን ወደ ሰፊው ባሕር አቅንተው ተደረደሩ።

አንድ ስንዝር። ሁለት። ዶሚቲላ በየሩብ ሰዓቱ ትጮኻለች፣
ኦርፌሊና በእርጥብ ወረቀት ላይ በእርሳስ ትጭራለች።
አምስት። ስምንት። እኛ ወደ ኋላ፣ ካልሲያችን ረጥቦ፣
ባሕሩ ወደፊት፣ እንደ አበዳሪ፣ የት ትሄዳላችሁ ብሎ አስቦ።
አሥር።
እንጨቱ አለቀ። ባሕሩ ግን አላለቀም።
ልጆቹ ዞረው አዩኝ። እቅዴ ውስጥ ይህ አልተጻፈም።

«መምህርት» አለ ሬሚሂዮ፣ እንደማጽናናት ቃጥቶት፣
«እንጨት ያጥራል። የወደቡን ምሰሶ ነው መቁጠር፣ አረንጓዴው እስካለበት።»

በማግስቱ ውኃው ሲሸሽ፣ እንጨታችን የለም፣ ተወስዷል፤
ሬሚሂዮ ግን ካባቱ መሰላል ተውሶ፣ ቀድሞን ቆሟል።
ሊንኮያን ሲወጣ፣ መሰላሉን ሁለት እጄን አጣብቄ
ያዝኩ፤ ተረከዙን ብቻ እያየሁ፣ ትንፋሼን ደብቄ።
ትንሿ መዳፍ በልጋጉ ላይ ስትለጠፍ፣ ስትላቀቅ፣
ሊንኮያን እስከ ሃያ ነው መቁጠር የሚያውቅ፤
ከሃያ በላይ እኛ ከታች፣ በአንድ ድምፅ ቀጠልን፣
ሠላሳ ስምንት ላይ፣ ደረቁ እንጨት ጋ ደረስን።

ሬሚሂዮ በጠመኔ ጻፈው፣ ሦስቷ ጀርባዋን ሰጥታ።
ለማረም እጄ ተነሣ፤ ቆመ አየር ላይ፣ ለአንድ አፍታ።
ነገ አርማታለሁ። ዛሬ ትቁም፣
ባሕሩን እያየች።

ሐሙስ ሳጥኑ ደረሰ፤ መጽሐፉን ገለጥን በጉጉት፣
ቢጫ አሸዋ፣ ባለመስመር ጃንጥላ፣ ሰማያዊ ባሕር አለበት።
ኦርፌሊና ሥዕሉን አየች፣ ጣቷን ወደ ላይ አነሣች፤
«የዚህኛውስ ሙላት ስንት ስንዝር ነው?» ብላ ጠየቀች።

ማታ ለቢሮው የወሩን ቅጽ ሞላሁ፦
የደረሱ መጻሕፍት፣ አርባ ሁለት፤
የጎደለ ንብረት፣ አንድ የመጥረጊያ እንጨት።
ምክንያት፦
እዚህ ጋ ቦታው ጠባብ ነው።
«አጠረ» ብዬ ጻፍኩ።