የካቲት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ

አሎይዝ ሲሞት እርግቦቹን ለኔ ጣለ፤
«ሽጫቸው» አላለ፣ «አኑሪያቸው» አላለ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከከሰሉ ጉድጓድ ሲወጣ
ሳይታጠብ፣ ሳይቀመጥ፣
መጀመሪያ ወደ እነሱ፣ ከዚያ ነው ወደኔ የሚመጣ።
ቀንቼ ነበር። በላባ ይቀናል? እኔ ቀንቼ ነበር።
ዛሬ እኔ ነኝ በዚህ ጉልበት መሰላሉን የምቆጥር።

ሦስት ጊዜ ነው የተፈለፈሉት።
የየካቲቶቹ ጎረምሶች ናቸው፣ ደረታቸውን የነፉ፣
ከቀዩ ጡብ ቤቶች፣ ከጭስ ማውጫው በላይ የሚያልፉ፤
የሚያዝያዎቹ መሃል ቤት፣ ድምፃቸው የጎረነነ፣
ላባቸው እየረገፈ መልካቸው የተበተነ፤
የሰኔዎቹ ገና ሲጥ ሲጥ ይላሉ፣
ቢጫ ጸጉር አናታቸው ላይ፣ «ብረሩ» ሲሏቸው ይወድቃሉ።

ደብተሩ ምስማር ላይ ነው፣ በእርሳስ የተጻፈ፤
እጁ ያን ያህል፣ ፊደሉ ግን እንደ ጉንዳን የተሰለፈ።
«ታላቅና ታናሽ በአንድ ቅርጫት አትክተት» ይላል፤
ለራሱ ነው። ለኔ ቢሆን «አትክተቺ» ይል ነበር፣ ይህ ይገባኛል።
«ታናሹ ታላቁን ይከተላል እንጂ መንገድ አይማርም፤
የተከተለ ደግሞ ብቻውን ሲቀር ቤቱን አያውቅም።»

እሱ ብስክሌት ነበረው፣ ሁለት ደህና እግር ነበረው፤
የኔ እግር ኤርቪን ነው፣ ጎረቤቴ፣ መኪናውም እሁድ ብቻ ነው።
አንድ ቅርጫት፣ አንድ መኪና፣ አንዲት ሴት፤ ምን ይደረጋል?
ሦስቱንም ወር አንድ ላይ ከተትኩ።
ሟች ቢቆጣ፣ ተቆጥቶ የት ይሄዳል?
ማታውን በስሱ አበላኋቸው፤ የጠገበ እርግብ አይመለስም፣
የበቆሎ ጣሳ ብታንኳኪ ካልራበው ጆሮ አይሰጥም።

አሥር ኪሎሜትር፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ የጎመን ማሳ ዳር፣
ክዳኑን ስከፍት ትራስ የተቀደደ መሰለ አየር።
የየካቲቶቹ አንዴ ዞረው ቀጥ አሉ ወደ ምሥራቅ፤
የሚያዝያዎቹ ተከተሉ፤ የሰኔዎቹ ጎመን ላይ አረፉ። ኤርቪን ሊስቅ
ፈለገ፤ ፊቴን አይቶ ተወው።
አባረርኳቸው፣ በመሐረቤ፣ በስድብ፤
ተነሡ፤ ዞሩ፣ ዞሩ፣ ክብ፣ ደግሞም ክብ፤
ከዚያ የሲሌዥያ ሰማይ ባዶውን ቀረ።
«ገርትሩዳ፣ እንሂድ» አለ ኤርቪን፣ ሞተሩንም አስነሣ፣ ዝምም አለ።

ቤት ስደርስ ታላላቆቹ ቆጥ ላይ ናቸው፣ ውሃ እየጠጡ፤
አሥራ አንድ። ከሚያዝያ ስምንት። የሰኔዎቹ ዘጠኝ ነበሩ፤ አልመጡ።
ደብተሩን አላየሁትም። ደብተሩ ግን ያየኛል፤
«ብዬሽ ነበር» የሚል ባል ሞቶም ምላስ ይቀረዋል።
ሲመሽ ሁለት መጡ፤ የአንዷን ጀርባ ጭልፊት ልጦ፤
በማግስቱ ሦስት፣ ላባቸው በጥቀርሻ ተለውጦ።
አራት ጠፉ። ስም የላቸውም፤ ቀለበታቸው ላይ ቁጥር ነው፤
ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ። የማውቀው ጸሎት ይኸው ነው።

ሐሙስ ልብስ ሳሰጣ ገመዱ ተንቀጠቀጠ፤
ከሸሚዞቹ መሃል አንድ ነገር ተቀመጠ።
አራት መቶ አሥራ ሰባት።
የሰኔ ናት፣ ከሁሉም ታናሽ፤ ፊት ፊቷ የሚበር ሳይኖራት
አራት ሌሊት የት እንዳደረች ማን ያውቅላት።
ሲጥ አለች። እጄ እንደ ረጠበ ያዝኳት፤
ልቧ ጣቴ ሥር የስፌት መኪና ነው፤
ወጣሁ፣ ከቆጥ አስገባኋት።

እርሳሱ በክር ታስሯል። ከእሱ ጉንዳኖች ሥር፣ በኔ ትልልቅ ፊደል፦
«አራት መቶ አሥራ ሰባት። ሐሙስ። ብቻዋን።» ሌላ ምን ይባላል?

በሚመጣው እሁድ ቅርጫቱን በካርቶን እከፍላለሁ፤
ታላላቆቹን ለቅቄ ሁለት ኩባያ ሻይ ከቴርሞሱ እጠጣለሁ፤
ሰማዩ ሲጸዳ የትንንሾቹ ተራ ነው፣
መንገዱን በገዛ ዓይናቸው ይፈልጉት።
ልክ ነበር አሎይዝ።
እኔ ግን አልነግረውም።
ሠላሳ ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ ይህን ደግሞ እሱ ይጠብቀው።